ለሽማግሌው ብቻ የተላከ ቃል

ሐምሌ 11 ቀን 1981፣ ማክሰኞ

ጭጋግ። ዝናብ። ብርድ። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ሌላ ምን አላት? ካፖርቴን ሳላወልቅ የጠጉር መረከቢያው ቢሮ ገባሁ፣ ሳላወልቅ ወጣሁ። የሚሞቀው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ረሺድ እጁን ከማሽኑ ጀርባ አስጠግቶ ይሞቃል። "ለሥራ ባይሆን ለዚህ ይሆናል" ይላል።

ዛሬም ተገተረ። የበግ ጠጉር የታጨቀበት ጆንያ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ሚዛኑ ተወዛወዘ፣ ረጋ… ስክሪኑ ድርቅ አለ። ብትነካካው፣ ብትለምነው፣ ብትሰድበው ያው ነው። ጠጉሩን ያመጡት የመንዝ ሰውዬ አንገታቸውን አስግገው አዩትና "አሞት ይሆን?" አሉ። ከልባቸው አዝነው እኮ ነው። አዎ፣ አሞታል አልኳቸው። "እግዜር ይማረው" ብለው ጆንያቸውን በድሮው ሚዛን አስመዝነው ሄዱ።

ነገሩን ለራሴ ልጻፈው እስቲ። ስጽፈው ይገባኝ እንደሆነ… ሁለት ፕሮግራም አለን። የኔ በፓስካል ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ መዝገብ ይይዛል፣ ደረሰኝ ያትማል። የረሺድ ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው፤ ከሚዛኑ በመጣው ሽቦ ላይ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ሚዛን ደግሞ ወዲያው አይረጋም። ቆሞ የሚጠብቅ ካለ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የኔው የረሺድን "ሲረጋ ጥራኝ፣ አድራሻዬ ይኸውልህ" ብሎት ወደ ሥራው ይሄዳል። ሲረጋ የረሺድ ይጠራዋል። በቃ። ቀላል አይደል? ቀላል ቢሆን ኖሮ ከፋሲካ ጀምሮ ባልተጨቃጨቅን።

ረሺድ "ጥፋቱ ያንተ ነው" ይላል። እኔ "ያንተ ነው" እላለሁ። ጓድ ብርሃነ መስቀል፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ "የሁለታችሁም ነው" ይላል። ሳያይ የሚፈርድ እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ 17፣ ሰኞ

ተገኘ! አንዱ ጉድ ተገኘ።

ለካ ሁለቱ ቋንቋዎች ሥርዓታቸው ለየቅል ነው። ፕሮግራም ሲጠራ ሜሞሪ፣ የማሽኑ ማስታወሻ፣ ላይ የሚዘረጋለትን ዕቃ ገበታ ልበለው። ፓስካል ቤት የተጠራው በልቶ ሲጨርስ ገበታውን ራሱ ያነሳል። ሲ ቤት ደግሞ ገበታ የሚያነሳው ጠሪው ነው። የረሺድ የኔን ሲጠራ ምን ይሆናል? የኔው ጨዋ ነኝ ብሎ ያነሳል። የረሺድም ባለቤት ነኝ ብሎ እንደገና ያነሳል። የተነሳ ገበታ ሁለተኛ ሲነሳ ምን ይነሳል? ከሥር የነበረው የሌላ ሰው ምሳ!

"እንግዳ ገበታ ሲያነሳ የት አየህ?" አለኝ ረሺድ። "ያንተ ቋንቋ ነው ባለጌው።"

"ያንተ ነው እንጂ ንፉጉ። የተበላበትን ሳህን እንኳ ለሰው አያምንም።"

ተሳሳቅን። አንዲት ቃል ጨመርንና ረሺድ የኔን ሥርዓት እንዲከተል ተስማማን። በኔ አገር ሕግ! ጆንያ አወጣን፣ ሠራ። ሌላ ጆንያ፣ ሠራ።

ሐምሌ 19፣ ረቡዕ

ዛሬም ተገተረ። ደስታዬን ቸኩዬ ነበር የጻፍኩት።

ሐምሌ 20፣ ሐሙስ

ንጋቷ መጥታ ነበር። ከአንኮበር፣ ለመሠረተ ትምህርት ደብተር ልትረከብ። አስተማሪ ክረምትም አያርፍም። ሻይ ጋበዝኳት። ስኳሩን ስታማስል ቆየች፣ ሟሙቶ ካለቀም በኋላ።

"አንድ ነገር ልንገርህ። የደብረ ሲናው ባለመኪና ለልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። አባቴ ዘንድ።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ካንተ ነበር የምጠብቀው።"

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። የሆነ የማይረባ ነገር። ስለ ዝናቡ ሳይሆን አይቀርም። ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ላክ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ?" ብላኝ ወደ አውቶቡሷ ሄደች።

ላክ አለችኝ! ሰላ ድንጋይ ያለችው እናቴ ብትሰማ እልል ትል ነበር። ማንን ልላክ? መሪው ጋሽ ወልደሩፋኤል ናቸው፣ ጥያቄም የለው። የሰንበቴ ማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቃላቸው ግን በየቤቱ ይሰማል። ሁለተኛ የረሺድ አባት፣ አቶ በሽር። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ የንጋቷን አባት አቶ ወልደአረጋይን ከጥንት ያውቋቸዋል። ሦስተኛውን ጋሽ ወልደሩፋኤል ራሳቸው ይምረጡ።

ሐምሌ 23፣ እሁድ

ሽማግሌዎቼ ረጥበው ተመለሱ፤ ሦስተኛው በቀጥታ ቤታቸው ገቡ። ቀኑን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስንጎራደድ ነው የዋልኩት። ጋሽ ወልደሩፋኤል ሲያወሩ ደግሞ ነፍስ ያወጣሉ።

"ደጅ ቆምን። 'ግቡ' አሉን፣ ገባን። 'ተቀመጡ' አሉን። የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አልን።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተናገርን።"

"ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ? ሰሙ።"

አቶ በሽር ራሩልኝ። "ዘመድ እናማክር ብለዋል። ወጉ ነው፣ አትስጋ። መልሱን ሰው ይልካሉ። ኢንሻአላህ ኸይር ነው።"

"ለኔ ነው የሚልኩት?"

ሁለቱም እንደ ሕፃን አዩኝ። "ላንተ ምን በወጣህ!" አሉ ጋሽ ወልደሩፋኤል። "ለኔ ነው። በኔ ጆሮ። ላኪ ሽማግሌ ነው፣ ተቀባይም ሽማግሌ ነው። አንተ አርፈህ ተቀመጥ።"

አርፌ ተቀመጥኩ። ማለት፣ ተቀመጥኩ።

ሲወጡ የንጋቷ እናት እስከ አጥሩ ሸኝተዋቸዋል አሉ። ይህ ደግ ምልክት ነው? ወይስ ቶሎ እንዲሄዱ?

ነሐሴ 1፣ ሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ቤት ብቅ ብል በሩ ላይ ቁልፍ። ጎረቤታቸው አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች፣ "ጋሼማ ሱባኤ ገብተዋል። እስከ ፍልሰታ ፍቺ አይወጡም" አለችኝ። ይህን እንዴት ሳታውቅ ቀረህ በሚል ዓይን።

አውቅ ነበር እኮ! በየዓመቱ ይገባሉ። አገር ያውቃል። ገዳሙ ሄደው ጎጆ ይዘጋሉ፣ ሽምብራቸውን ይዘው፣ ከሰው አይነጋገሩም። ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሽማግሌ ስልክ ይህን ማሰብ የነበረበት ማነው? እኔ ነኝ። እሳቸውስ? ልባቸው ጸሎት ላይ ነበር፣ ምን ያድርጉ። ሱባኤ የገባን ሰው ደግሞ አይጠሩም። "ጋሼ፣ መልስ መጣልዎት?" ብዬ ደጃቸው ብጮህ መነኮሳቱ በድንጋይ ያባርሩኛል። ልክ ናቸው።

መልሱ በዚህ ሳምንት ባይመጣ… ዘመዳቸው ብዙ ነው፣ ምክሩ ይረዝማል። ይርዘም።

ነሐሴ 3፣ ረቡዕ

ማሽኑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይገተራል። ሁልጊዜ ቢበላሽ ይሻል ነበር። ረሺድ ዛሬ በእውነት ተቆጣ። "በሰጠኸኝ አድራሻ ነው የጠራሁህ! ሌላ ምን ላድርግ?" አለኝ። ለምሳ ሳይጠራኝ ብቻውን ሄደ። ያውም እኔ ጿሚ ነኝ፣ ቢጠራኝም አልሄድ።

ነሐሴ 7፣ እሁድ

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። ከንዴት ይሁን ከአረቄ አላውቅም።

ከቅዳሴ እንደተመለስኩ በሩ ተንኳኳ። የማላውቃቸው ሰው፤ ጋቢያቸው ውሃ ሆኗል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። "ወልደጻድቅ እባላለሁ። የንጋቷ አጎት ነኝ፣ የእናቷ ወንድም።" ይግቡ አልኳቸው። መጀመሪያ ጋሽ ወልደሩፋኤል ቤት ሄደው በሩን ተቆልፎ አገኙት። ጎረቤቷ ወደኔ መራቻቸው።

"ዝናቡ ባይዘኝ እዚህ መግባትም አልነበረብኝ" አሉ ደፉ ላይ ቆመው።

"መልስ ይዘው ነው?"

"ይዣለሁ።"

"እና?"

"እናማ ለሽማግሌው ነው።"

"ሽማግሌው ሱባኤ ናቸው እኮ።"

"ጎረቤቲቱ ነግራኛለች።"

"ጋሼ፣ ጉዳዩ የኔ ነው!"

"እሱንም አውቃለሁ።"

መልሱ እፊቴ ተቀምጧል። አንድ ክንድ እንኳ አይርቀኝም። ጋቢ ለብሶ።

ውሃ አሞቅሁ፣ እግራቸውን አጠብኩ። ሱፍ ፍትፍት አቀረብኩ፣ ሽሮ ጨመርኩ። አረቄ ቀዳሁ። የደብረ ብርሃን አረቄ ድንጋይ ያናግራል ይባላል፤ ወልደጻድቅን ግን አላናገረም። ስለ ገብስ አወሩኝ። ስለ ውርጭ አወሩኝ። እኔ በዘዴ ሞከርኩ።

"ለመሆኑ ጋሼ፣ ለሠርግ ጥር ነው የሚሻለው ከፋሲካ በኋላ?"

"ጥር ደግ ወር ነው።"

ደግ ወር ነው! "ለማን?" አልኳቸው።

"ለሁሉም" አሉ።

ሌላ ዘዴ። "እሺ፣ ቃል አያውጡ። ደግ ከሆነ አንዴ ይሳሉልኝ። ክፉ ከሆነ ዝም ይበሉ።" ዝም አሉ። ክፉ ነው ማለት ነው? ትንሽ ቆይተው ሳሉ። ብድግ አልኩ! "ጉንፋን ይዞኛል" አሉኝ።

ከዚህ በኋላ እውነቱን ለመናገር ለመንኩ። ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኩ። "ልጄ፣ እኔ የሰው አፍ ነኝ" አሉ። "አፍ ከባለቤቱ ሳይታዘዝ አይከፈትም።" ተውኩ። ዝናቡ እስኪያባራ ካልቆዩ አልለቅም ብዬ ደረቁን ጋቢዬን አልብሼ አስቀመጥኳቸው።

ሲሄዱ ትከሻዬን ያዙ። የሆነ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተላወሰ… "እግዜር ይስጥህ" ብቻ። መልሴን ይዘውት ወደ አንኮበር ተመለሱ።

ነሐሴ 8፣ ሰኞ

ለረሺድ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ወንበሩ ላይ ተንከባለለ። "ሳል? ሰውዬውን ይሳሉልኝ አልካቸው?" ከሰኞ እስከ ሰኞ ቢስቅ አይበቃውም። ኩርፊያውም በዚያው አለቀ።

"ረሺድ፣ ይበቃል። በሰጠናቸው አድራሻ ነው የመጡት። ሰውዬው እኮ አላጠፉም፣ የሄዱበት ቤት ነው ባዶ…"

ረሺድ ሳቁን አቆመ። ተያየን።

ሜሞሪው ጠባብ ስለሆነ ፕሮግራሜን በየክፍሉ ቆራርጬዋለሁ። ደረሰኝ የሚያትመው ክፍል ሲገባ፣ ጥሪ የሚቀበለው ክፍል ቤቱን ለቅቆ ወደ ዲስክ ይሄዳል። ሱባኤ! የረሺድ ፕሮግራም በሰጠሁት አድራሻ ይመጣል፣ ይጠራል፣ እዚያ ቤት ግን ሌላ ሰው ገብቷል። እንግዳው በማያውቀው ጉዳይ ይጠራና ይደነብራል። ደረሰኝ በሚታተምበት ሰዓት ጆንያ ሲረጋ ነው የሚገተረው! ሳይታተም ሲረጋ ደህና ነው። ለዚህ ነው አንዳንዴ የሚሆነው፣ አንዳንዴ የማይሆነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ረሺድ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ነሐሴ 10፣ ረቡዕ

ጥሪውን ተውነው። ከቶ የማትነሳ፣ ከሜሞሪ የማትወጣ ትንሽ ሳጥን ሠራን። የረሺድ ፕሮግራም ክብደቱን እዚያ ጥሎ ይሄዳል፤ ማንንም አያስጨንቅም። የኔው ከሥራው ፋታ ሲያገኝ ሳጥኗን ከፍቶ ያያል። ካለ ይወስዳል፣ ከሌለ ወደ ሥራው። ጆንያ ስናወጣ ስናወርድ፣ ስናትም ዋልን። አንዴም አልተገተረም። ረሺድ አቀፈኝ።

ለኔ ጉዳይስ እንዲህ ያለ ሳጥን ማን ይሠራልኝ? አቶ በሽር ለገበያ ወደ ከተማ ወጥተው ነበርና፣ "እርስዎም ሽማግሌ ነዎት፣ ሄደው ይቀበሉልኝ" አልኳቸው። እጃቸውን አራገቡ። "መሪው ሳይኖር? ወላሂ አልነካውም! ነውር ነው። ከወልደአረጋይ ጋር ያደረ ወዳጅነት አለን።"

ነሐሴ 12፣ ዓርብ

የአንኮበር አውቶቡስ ረዳት ወሬ አመጣ። የባለመኪናው ሽማግሌዎች አቶ ወልደአረጋይ ቤት ገብተዋል። እኔን ደግሞ "ሽማግሌ ልኮ በሩን ቆለፈ" ይሉኛል አሉ። ንቀት አድርገውት ይሆናል። እንዴት አያደርጉት?

ንጋቷን ባጣትስ? እስከዛሬ ይህችን ቃል አልጻፍኳትም ነበር።

ነሐሴ 13፣ ቅዳሜ

ቡሄ። ልጆች ደጄ ላይ ሆያ ሆዬ ሲሉ "ቤቱ ሰው የለም" አልኳቸው፣ ከውስጥ ሆኜ። ሳቁብኝና ግጥም አወጡልኝ። ሙልሙል ሰጠኋቸው።

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ

ጾሙ ተፈታ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ወጡ። ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን ያበራል። ገና ጾም ሳይገድፉ ነበር የደረስኩባቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሳሉን ነገር ብቻ ዘለልኩ። ረሺድ ነገራቸው።

"ጋሼ፣ ጠፋን እኮ። መልሱን መልሰው ወሰዱት።"

"የትም አልጠፋም። ቃሉ ጆሮዬ አልገባ፣ ስለዚህ አልተባለም። ጥያቄያችን እንዳለ ነው።" እንቁላሉን ቀስ ብለው ላጡ። "እሁድ እንሄዳለን። ይቅርታም እንጠይቃለን።"

እሁድ! እሁድ ከዚህ የት ነው?

ነሐሴ 18፣ ሐሙስ

ጓድ ብርሃነ መስቀል ሚዛኑን ሊያይ መጣ። ጆንያ ወጣ፣ ረጋ፣ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ደረሰኙ ታተመ። አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ትንሽ አብዝቶ እንዲመዝን ማድረግ ይቻላል? ለኮታው" አለኝ። ረሺድ ቶሎ ብሎ፣ "ይቻላል ጓድ፣ ግን የሚከፈለውም አብሮ ይበዛል" አለው። ተወው።

ሥራው አለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነሐሴ 21፣ እሁድ

እሺ አሉ!

እሺ አሉ፣ እሺ አሉ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ዛሬም ከ"ደጅ ቆምን" ሲጀምሩ፣ አቶ በሽር ከኋላቸው ሆነው በዓይናቸው ነገሩኝ። አላህ ይስጣቸው። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ደግ ወር ነው!

ጳጉሜ 2፣ ሐሙስ

ንጋቷ ለመምህራን ስብሰባ መጣች። ያው ሻይ ቤት ገባን። አሁን እጮኛዬ ናት፤ ይህን ቃል ገና አልለመድኩትም። ወልደጻድቅን እንዴት እንደለመንኩ፣ ስለ ጥር፣ ስለ ሳሉ አወራኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ሳቀች፣ ግን ቶሎ ተወችው።

"አጎቴ ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃለህ?"

"እሺታችሁን ነዋ።"

"እንቢ ነበር።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

"አባቴ 'ቀኑን ሙሉ የማሽን መስታወት ሲያይ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ባለመኪናው የሚጨበጥ ነገር አለው' ብሎ ቆርጦ ነበር። እኔ አልቅሼ አልሆነም። አጎቴን 'ሂድ፣ ንገራቸው' ብሎ ላከው። አጎቴ ሲመለስ ያንተን ጋቢ ለብሷል። አባቴ 'አደረስክ?' ሲለው፣ 'አላደረስኩም፤ ሽማግሌው ሱባኤ ናቸው' አለው። 'ከሱባኤ ሲወጡ ተመለስና ንገር' ሲለው እንቢ አለ። 'እግሬን ያጠበኝን፣ ጋቢውን አውልቆ ያለበሰኝን ልጅ፣ ዳግመኛ ይህን ቃል ተሸክሜበት አልሄድም። ብዙ ለመነኝ፣ ግን በዝናብ አላስወጣኝም። ከፈለግህ ራስህ ሂድ' አለው። አባቴ ራሱ ሊሄድ አይችል፣ ወግ አይደለም። ሌላም የሚሄድ አላገኘ። በዚያ መሃል እኔ ገባሁበት።"

"ምን አልሽው?"

"እሱ የኔና የአባቴ ነው።"

መንገዱ ላይ የጭነት መኪናዎች ወደ ጣርማ በር ያልፋሉ። ያን እሁድ ጆሮዬን አቁሜ፣ አረቄ እየቀዳሁ፣ ጉልበት ይዤ ስለምን የዋልኩት ለዚያ ቃል ነበር። አንዴ አፋቸውን ቢከፍቱልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው።

"ምነው ፈዘዝክ?" አለችኝ።

እጇን ያዝኳት፣ ጠረጴዛው ላይ። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው እያየን።